የዊተኪንድ መንገድ ወራሽ

ኦበርሎህ፣ ኤፕሪል 1962

ይድረስ ለወንድሜ ለኤካርት፤

ባለህበት አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። ባሕሩ ሰፍቶ ነው እንጂ ሰላምታዬስ በየማለዳው ደጅህን ባንኳኳ ነበር። እኛ በእሱ ቸርነት አለን። ላሞቹ ደህና ናቸው፣ አሳማዋ ወልዳለች፣ ጣሪያው እንደተውከው ያፈሳል።

ይህን የምጽፍልህ ከቤት አይደለም። ጋራው አናት ላይ ግንድ ላይ ተቀምጬ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ስጠብቅ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ እጄ አርጅቶ እንዳይመስልህ። ከዊተኪንድ የእግር ተጓዦች መንገድ ውስጥ ከድንጋይ ማውጫው እስከ ጸሎት ቤቱ ፍርስራሽ ዛፎቹ ላይ የመንገድ ምልክት መቀባት የአባባ ድርሻ እንደሆነ መቼም አልረሳኸውም። በየጸደዩ የዛፉን ሽበት በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ነው፣ ከዚያ ነጩን፣ ከስሩ ቀዩን መቀባት ነው። ለሚሄደውም ለሚመጣውም እንዲታይ ከዛፉ በሁለቱም በኩል። ልጅ ሆነን የቀለም ጣሳ ያሸከሙን ነበር። አንተ እየደፋህ፣ እኔ እየተቆጣሁ።

አሁን የምቀባው እኔ ነኝ። አባባ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ኤካርት። ደከመ ማለቴ አይደለም፣ ጠፍቷል። ጥላና ብርሃን ይለያሉ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምለውኛል፣ ስለዚህ መሐላዬን እያፈረስኩ ነው። የመንገዱ ማኅበርም አያውቅም። አያቶች ጀምረውት ከቤታችን ያልወጣ ድርሻ በእሳቸው ዘመን ለሌላ ሰው ሲሰጥ ማየት አይፈልጉም። ማየት ስል ለአፌ ነው። አንዳንድ ቀን ካልወሰድሽኝ ብለው ክንዴን ይዘው ይወጣሉ። የቀባሁትን በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ጠርዙን ይዳስሱና፣

«ይቺ ጠማለች» ይላሉ።

«ዛፉ ነው የጠመመው፣ አባባ።»

«ይህን ዛፍ ሳውቀው ሃምሳ ዓመቴ ነው፣ ጠሞ አያውቅም። አንቺን ሳውቅሽ ግን...»

ከዚያ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ግን ቁልቁለቱን የማወርዳቸው እኔ ነኝ።

ደብዳቤህን የሚያነብላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ኖልቴ ነው። እኔ እንዳላነብ ከልክለውኛል። «አንቺ የጎደለውን ትሞያለሽ፣ የበዛውን ትከረክሚያለሽ» ይላሉ። ፖስተኛውም የሚያስረክበው ለእሳቸው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትመልስልኝ ሁሉ ቃል በቃል ጋሽ ኖልቴ አፍ ላይ፣ ከዚያም መንደሩ ጆሮ ላይ እንደሚውል እያወቅህ ጻፍ።

በእኛ መንደር ቤትና መሬት የታናሹ ነው፣ ታላላቆቹ ወይ ይዳራሉ ወይ ይሰደዳሉ። ታናሹ ተሰድዶ ታላቂቱ የቀረችበት ቤት የእኛ ብቻ ነው። ጋሽ ኖልቴ «እናንተ ሆልትካምፖች ዓለምን ገለበጣችኋት» እያለ ይቀልድብኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት «በሚመጣው ጸደይ» ብለህ ነበር። አንዱ ጸደይ መጥቶ ሄደ፣ ይኸው ሁለተኛውም ቀለሙን እያስቀባኝ ነው። መቼ ነው የምትመጣው?

ደጉን ያሰማህ።
እህትህ ኤልፍሪደ


ታዝማኒያ፣ ጁላይ 1962

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለካስፐር ሆልትካምፕ፣ ለምወዳት እትዬ ኤልፍሪደ፣ እንዲሁም ለአንባቢው ለጋሽ ኖልቴ (ጋሼ፣ ረጅም ነው፣ ጉሮሮዎን ያርጥቡ)፤

ጤናና እርጅና ያለ ሕመም ይስጣችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ክረምት ነው፣ እናንተ ድርቆሽ ስታጭዱ እኔ ካፖርት ለብሻለሁ። ፖም ለቀማው ካለቀ ወዲህ ለኤሌክትሪክ ግድብ ዋሻ በሚቆፈርበት ሥራ ገብቻለሁ። አባባ ይስቃሉ መሰለኝ፣ ከተራራ ሸሽቼ ተራራ ውስጥ ገባሁ። ጠዋት ስንገባ ጨለማ፣ ማታ ስንወጣ ጨለማ። ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከየት የማይመጣ ሰው አለ መሰላችሁ። ዳቦአቸው ግን ዳቦ አይደለም፣ ትራስ ነው። የእትዬን ጥቁር ዳቦ በሕልሜ እቆርሳለሁ።

ጋራው እንዴት ነው? ተጓዦቹ በዝተዋል? አባባ ዘንድሮም እንደ ወጣት ቀለም ተሸክመው እንደወጡ አልጠራጠርም። እትዬ፣ የጻፍሽው ደርሶኛል፣ ስለ ቀለሙም ሁሉ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከቄሱ ዘንድ የጥምቀት ምስክር ወረቀቴን አውጥታችሁ ላኩልኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ።

እንግዲህ በሚመጣው ጸደይ፣ የእናንተን ጸደይ ማለቴ ነው፣ እግዜር ካለ እንገናኛለን።

አክባሪ ልጃችሁ ኤካርት


ኦበርሎህ፣ ኦክቶበር 1962

ይድረስ ለወንድሜ ለኤካርት፤

ከዋሻው በሰላም መውጣትህን የሚጠብቅ አምላክ ስሙ ይመስገን። የጥምቀት ወረቀትህ ከዚህ ጋር አለ። አባባ መጠየቅህን እንደሰሙ፣ «ይኸዋ! ለመርከቡ ነው፣ ወረቀቱን ማሰናዳት ጀመረ» ብለው ለጋሽ ኖልቴ መጠጥ ቀዱለት። ዋሻ ለመቆፈር የጥምቀት ወረቀት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ግን ሆድ ይፍጀው።

ማኅበሩ ለአባባ ክብር በዓል አደረገ። ለረጅም ዘመን የመንገድ ጥበቃቸው የብር ዓርማ ደረታቸው ላይ ሰኩላቸው። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ «የካስፐር ሆልትካምፕን ድርሻ የሚያህል ንጹሕ ምልክት በጠቅላላው መንገድ የለም፣ ባለፉት ዓመታት ደግሞ እጃቸው ጭራሽ ተሻሻለ» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ በጓዳ በኩል የድንች ቂጣ እየጠበስኩ ነበር። የጋሽ ኖልቴ ሚስት ጎኔን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «ተሻሻለ አሉሽ፣ አንቺ!» አለችኝና ሁለታችንም በሳቅ ፍርስ አልን። አባባ ሳቃችንን ሰምተው ቤት እስክንገባ አኮረፉ።

ማታ ይቅርታ እንዲሆነኝ ስለ ዊተኪንድ አነሳሁላቸው፣ ሲያወሩ ደስ ይላቸዋል ብዬ። ይኸው የለመድነውን ጀመሩ። ዊተኪንድ እንዲህ ነው፣ የሳክሶን ጀግና ነው፣ ከንጉሥ ካርል ጋር ዕድሜውን ሙሉ ተዋጋ፣ ለማንም አልተንበረከከም።

«ተንበርክኳል እንጂ፣ አባባ። መጨረሻ ላይ ገብቶ ተጠመቀ። ፈረሱ እንኳን ከጥቁር ወደ ነጭ ተለወጠ የሚሉት እርስዎ አይደሉ?»

«እሱ ፈረሱ ነው!»

«ካርል ሕዝቡን በአንድ ቀን ሲያስፈጅ ዊተኪንድ የት ነበር? ዴንማርክ፣ እንግድነት። ያለቁት እቤታቸው የቀሩት ናቸው። መንገዱ የተሰየመው ግን በሄደው ሰው ነው።»

ያሰብኩት ስለ አንተ እንደሆነ የገባኝ እኔም ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ለእሳቸው ግን ወዲያው ሳይገባቸው አልቀረም። «አንቺ ክፉ ሆነሻል» ብለው ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ።

ክፉ ሆኛለሁ፣ ኤካርት። ስለዚህ ከዚህ የባሰ ክፉ ሳልሆን በፊት የምፈልገውን በግልጽ ልንገርህ።

የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጌዚነ በሰሜን ባሕር አንዲት ደሴት ላይ፣ ደረታቸው የታመመ ልጆች የሚያገግሙበት ቤት ኃላፊ ሆናለች። ወጥ ቤቱን የምትመራ ሴት ትፈልጋለች፣ ለእኔ አስባዋለች። የራሴ ክፍል ይኖረኛል፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው። በበጋ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ደሴቲቱ ጠፍጣፋ ናት፣ የትም ቆመህ የትም ይታይሃል። እዚህ ጠዋት መስኮት ስከፍት ጋራው አፍንጫዬ ላይ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። ጌዚነ እስከ ፋሲካ ትጠብቀኛለች።

አባባን አክስት ዊልሄልሚነ ከተማ እቤቷ ለመውሰድ ፈቃደኛ ናት፣ ጠይቄአታለሁ። መሬቱን ጋሽ ኖልቴ ይከራየዋል። ሁሉም አልቆ የቀረው አንድ ነገር ነው። አባባ ከቤቱ የሚወጡት ወራሹ ውጡ ካላቸው ብቻ ነው። እኔ ስናገር «ያንቺ ቤት አይደለም» ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው። አንተ ጻፍላቸው። «አልመጣም፣ መሬቱ ይከራይ፣ እርስዎ ከአክስቴ ጋር ይኑሩ፣ ኤልፍሪደን ይልቀቋት» በል። ወይ ደግሞ ና። ከሁለት አንዱ።

ለአንድ ሰው ይህን ያህል ለምኜ አላውቅም።

እህትህ ኤልፍሪደ


ታዝማኒያ፣ ጃንዋሪ 1963

ለእትዬ ኤልፍሪደ ብቻ፤

ይህቺን በቄሱ በኩል ላኩልሽ፣ ጋሽ ኖልቴ እጅ እንዳትገባ። ቄሱም ሳያነብ እንደታሸገ እንዲሰጥሽ ለምኜዋለሁ። ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽን ይባርከው።

እትዬ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። እያሰብኩበት ነው። ሥራው በጣም በዝቶብናል፣ ዋሻው ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር፣ አንድ ሰውም ሞተብን። ስለዚህ አትቀየሚኝ።

የምጠይቅሽ ነገር አለ። የእማማ ሣጥን ውስጥ ያለችው፣ ሁላችንም የተጠመቅንባት የክርስትና ቀሚስ፣ ነጯ፣ ዳንቴል ያላት። በአየር ፖስታ ላኪልኝ። አባባ እንዳይሰሙ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ፣ ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ታናሽሽ ኤካርት


ኦበርሎህ፣ ፌብሩዋሪ 1963

ይድረስ ለወንድሜ፤

ያለህበትን ቤት አምላክ ይባርከው። ቤት እንዳለህ ደግሞ አሁን አውቄአለሁ።

ቀሚሷ ይቺውትልህ። አጥቤ፣ በስታርች አድርቄ፣ ዳንቴሏ የተፈታበትን ቦታ ጠቅሜዋለሁ። ለማን እንደሆነች አልጠይቅህም፣ እንዳትዋሸኝ። ከቤታችን ወጥታ የማታውቅ ቀሚስ ናት፣ የወራሽ ልጅ የሚጠመቅባት። ከእኔ ቀድማ ባሕር ተሻገረች፣ ዕድለኛ።

ቄሱ ፖስታውን ሲሰጠኝ መልሱ መጣ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በረዶው ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ማንም የማያነብበት፣ ማንም የማይሰማበት፣ እውነቱን ልትነግረኝ የምትችልበት መንገድ አግኝተህ የጠየቅኸኝ ቀሚስ ነው። እስከ ዛሬ በአንተ ላይ አልተናደድኩም ነበር። ያን ቀን ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ዕንጨት ፈለጥኩ፣ የማያስፈልገንን ሁሉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ጉድ ነው። ኩሬው እስከ ታች በረዶ ሆኗል፣ ሽማግሌዎቹ እንኳን እንዲህ ያለ አላየንም ይላሉ። ከበረዶው የተነሣ ወደ ጋራው መውጣት አልተቻለም፣ ወደ መንደሩም መውረድ ጭንቅ ነው። አባባና እኔ ምድጃው ዳር ተፋጥጠን እንውላለን። እሳቸው እንጀራ ፍለጋ ስለሄደው ልጃቸው ያወራሉ፣ እኔ ድንች እልጣለሁ። «ሲመጣ የላይኛውን ክፍል እናድስለታለን» ይላሉ። «እሺ አባባ» እላለሁ። «ጣሪያውን እሱ ያስጠግናል።» «እሺ አባባ።» አንድ ቀን እሺ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ እሞታለሁ።

ለጌዚነ እመጣለሁ ብዬ ጽፌላታለሁ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም። ቁርጡን ጻፍላቸው፣ ጋሽ ኖልቴ ያንብበው፣ መንደሩም ይስማው፣ ግድ የለኝም። አልመጣም ማለት ኃጢአት አይደለም፣ እመጣለሁ እያሉ መቅረት ነው ሰው የሚገድለው።

ለልጁ ጤና ይስጥልኝ።
ኤልፍሪደ


ታዝማኒያ፣ ማርች መጨረሻ 1963

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለካስፐር ሆልትካምፕ፣ በእትዬ ኤልፍሪደና በጎረቤቶች ሁሉ ፊት እንዲነበብ፤

አምላክ ይህን የምትሰሙበትን ጆሮ የደስታ ያድርገው። ጋሽ ኖልቴ፣ በቀስታ ያንብቡልኝ።

አባባ፣ ከማንም ሳይሰሙ ከእኔ ይስሙ። አግብቻለሁ። ሚስቴ ፊሎመና ትባላለች፣ የጣሊያን ሰው ናት፣ የዋሻው ሠራተኞች ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያገኘኋት። ካቶሊክ ናት። ይህን ለመጻፍ ዓመት ሙሉ ፈርቻለሁ። ባለፈው ወር ወንድ ልጅ ወለደችልኝ። በቤታችን ቀሚስ ተጠምቋል፣ ስሙንም በእርስዎ ካስፐር ብየዋለሁ። ዓይኑ የእርስዎን ይመስላል።

እንግዲህ መምጣት አልችልም። ፊሎመና እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን ይዛ ነው የመጣችው፣ ሁሉም እኔን ተደግፈዋል። ብፈልግም መነቃነቅ አልችልም። ይህን ማለት የነበረብኝ ድሮ ነበር።

እትዬ መሬቱ ይከራይ፣ ቤቱ ይዘጋ እንድል ለምናኝ ነበር። ሞክሬ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። የሆልትካምፕ ጭስ ማውጫ ጭስ የሌለው ሆኖ ሳስበው እዚህ ዋሻ ውስጥ አለቀስኩ። ስለዚህ የተሻለ ነገር አሰብኩ። ላሞቹን ያለበችው ማን ነው? ጋራው ላይ የወጣችው ማን ነው? የሠራ ይውረስ። እኔ ከወራሽነቴ ወርጃለሁ፣ ቤቱም መሬቱም፣ የዊተኪንድ መንገድ ድርሻችንም የእትዬ ኤልፍሪደ ነው። ሴት ናት፣ ታላቅ ናት የሚል ካለ እኔ ወራሹ ፈቅጃለሁ። ትንሹ ካስፐርም አንድ ቀን የአያቱን አገር ለማየት ሲመጣ በሩን የምትከፍትለት አክስት ይኖረዋል።

እትዬ፣ ስትባክኚ የኖርሽው ለሰው ነበር፣ ከእንግዲህ ለራስሽ ነው። ካሳሽ ይሁን።

ልጅዎ ኤካርት


ኦበርሎህ፣ የጰንጠቆስጤ ዋዜማ፣ 1963

ይድረስ ለወንድሜ ለኤካርት፣ ለሚስትህ ለፊሎመና፣ ለትንሹ ካስፐር፤

ያሳድግልህ፣ ለቁም ነገር ያብቃልህ። የዘገየሁት በቅያሜ አይደለም። የሚጻፈው ነገር እስኪያልቅ ጠብቄ ነው፣ አሁን አልቋል።

ደብዳቤህ የደረሰው የፋሲካ ማግስት ነው። «በጎረቤቶች ፊት» ብለህ ስለጻፍክ አባባ ሁሉንም አስጠሩ፣ አዳራሹ ሞላ። ሊመጣ ነው ብለው ነጭ ሸሚዛቸውን አልብሺኝ አሉ፣ ዓርማውንም ሰካሁላቸው። ጋሽ ኖልቴ ቆሞ ጀመረ። «ካቶሊክ ናት» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ፣ ብርጭቆውን አንስቶ ጨለጠ።

«ምን ሆንክ፣ አንብብ እንጂ!» አሉ አባባ።

«ጋሽ ካስፐር፣ ሆድዎን ያስፉት።»

«ሆዴ ሰፊ ነው፣ አንብብ!»

አነበበ። አባባ ፊታቸው አልተለወጠም። ትንሹ ካስፐር ላይ ሲደርስ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙትና፣ «እሷን ድገማት» አሉ። ደገማት። «ዓይኑ የእኔን ይመስላል ነው ያለው?» «አዎ።» «ምስኪን» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ልብ በል፣ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ዓመት ሙሉ የፈራኸው ነገር ይኸው ነበር።

እኔ በር አጠገብ ነበርኩ፣ የእኔን ስም እየጠበቅሁ። ስሜ መጣ። ቀጥሎ የመጣውን አንተ ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፣ የጋሽ ኖልቴ ሚስት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ የቤት እመቤት! ለዚህ የሚሆን ወንድም ማን አለው?» አለች። ጉንጬን የሳመኝ ሰው ብዛት። እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያልኩ ሁሉንም አመሰገንኩ። የታሰረ ሰው ገመዱ ሐር ነው ሲባል የሚለው ሌላ ምን አለ?

አባባ ተነሡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ላም ሲሸጥም ርስት ሲተላለፍም አንዴ ከተጨባበጡ ወዲያ ወደኋላ የለም፣ ይህን ለአንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። «ወተቱ ገነፈለ» ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ወተት አልጣድኩም ነበር። ሰው እስኪሄድ እዚያው ቆየሁ።

ሲወጡ ተመለስኩና ፊት ለፊት ነገርኳቸው። «አልፈልገውም፣ አባባ።»

«ምኑን?»

«ቤቱን። መሬቱን። መንገዱን። ጋራውን ራሱን።»

ትቆጣለች ብለው የጠበቁኝ ይመስል ረጋ ብለው፣ «እኔስ መች ፈለግሁት?» አሉኝ። «ብሬመን ወርጄ የመርከብ አናጢ ልሆን ተስማምቼ ነበር። መጋዝ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ታናሽ ሆኜ ተወለድኩ። የጠየቀኝ ማን ነው?»

ይህን ለሰው ተናግረው አያውቁም። ለእማማም የነገሯት አይመስለኝም። አንጀቴን በሉኝ፣ ደግሞም ተናደድኩ። እሳቸው የዋጡትን መራራ እኔም እንድውጠው ነው የሚያቀርቡልኝ፣ ሌላ ምግብ ስለማያውቁ። «ስለዚህ የእኔ ነገር ይገባዎታል» አልኳቸው። «ይገባኛል» አሉ፣ «ግን ቤት እኮ ሰው ይፈልጋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ከበላን በኋላ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጣሉ። ልመናም ቁጣም የለም። እኔ ሳህኑን በእጃቸው ዙሪያ አነሳለሁ፣ ጠረጴዛውን በእጃቸው ዙሪያ እወለውላለሁ። ሲሰለቻቸው ይሰበስቡትና ይተኛሉ። በማግስቱ እንደገና። ቢጮሁብኝ እኮ እሄድ ነበር! በጥፊ ቢመቱኝ በዚያው እሄድ ነበር።

ጌዚነ ነገሩን ጽፌላት እስከ ጰንጠቆስጤ ታገሠችኝ፣ ከዚያ በላይ አልችልም አለች፣ ልጆቹ ይራባሉ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። አክስት ዊልሄልሚነን ቅዳሜ መጥታ እንድትወስዳቸው ነገርኳት፣ የእሳቸው እሺታ ይቅርብኝ ብዬ። ጋሽ ኖልቴም ላሞቹን ሊያልብ ቃል ገባ። ዓርብ እራት ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። «ነገ ጠዋት በባቡር እሄዳለሁ።» ማኘካቸውን አላቋረጡም። «ቀለሙ ዘንድሮ አልተቀባም» አሉ ብቻ። «ኖልቴ ይቅባው» አልኩ። «ኖልቴ እንኳን ዛፍ በሩንም ቀብቶ አያውቅ» አሉ። ሳቅኩ፣ ሳልፈልግ።

እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አስቀመጡ። ኮቴን ለብሼ ነበር የተቀመጥኩት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባቡሩ ጠዋት ነው። ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ማንኪያው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁና ዞር ብል እጃቸው ነው፣ እየተንቀጠቀጠ ያለው። እስከ ክርናቸው ድረስ። ሊያቆሙት ይሞክራሉ፣ እምቢ ይላቸዋል። ያፈሩበት መሰለኝ፣ ግን አልሰበሰቡትም። ማየት አልቻልኩም፣ ኤካርት። በአባቴ አምላክ እምልልሃለሁ፣ ለሌላ አይደለም፣ መንቀጥቀጡን ላስቆምላቸው ብዬ እጃቸውን ያዝኩላቸው።

አባባ ግራ እጃቸውን አምጥተው ከላይ ደረቡበትና፣ «ይኸው። ተጨባበጥን» አሉ።

መንቀጥቀጡ በዚያው ቆመ። የሽማግሌ ተንኮል ይሁን የልብ ዕረፍት እኔ አላወቅሁም፣ ብቻ እጄን አልነጠቅኋቸውም። ዛሬ ጠዋት ባቡሩ ከጋራው ሥር ሲያፏጭ ላም እያለብኩ ነበር።

እህትህ ኤልፍሪደ